ጭሱ ጠፋልህ ተብዬ ነው ጉድ የሆንኩት

ሞተርህ የት ገባች እያላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ሰዎች፣ ለእያንዳንዳችሁ መመለስ ስለደከመኝ አንዴ እዚህ ልጻፈውና ይውጣልኝ።

ያው እንደምታውቁት ከሁለት ወር በፊት አሮጌ ያማሃ ዲቲ 125 ገዛሁ። ያቺ ድሮ የእርሻ ባለሙያውም የጤና ሰውም ኤንጂኦውም ገጠር ለገጠር የሚነዳት፣ ከፍ ያለችው፣ ረገጥ ሲያደርጓት ሰፈሩን የምትቀሰቅሰው። ልጅ ሆኜ አንድ የክትባት ሰራተኛ በሷ እየመጣ ደጃችን ሲያቆም እኔ መርፌውን ትቼ ሞተሯን ነበር የማየው፣ ከዛን ጊዜ ጀምሮ ልቤ እሷ ላይ ነው። ዘመድ ወዳጅ በሙሉ ቦክሰር (ያቺ በየመንገዱ የምታዩዋት የባጃጅ ሞተር) ግዛ፣ መለዋወጫው እንደ ሽንኩርት በየሱቁ ነው አለኝ። አልሰማሁም። ጎንደሬ ደሞ አንዴ እምቢ ካለ እምቢ ነው።

ሻጩን በደላላ ማራኪ አካባቢ አገኘሁት። ሊብሬ አየሁ፣ የሻንሲ ቁጥር አመሳከርኩ፣ ቦሎ አየሁ፣ ጎማ በእግሬ መታ መታ አደረግኩ (ጎማ መምታት ምን እንደሚያሳይ እስከዛሬ አልገባኝም ግን ሁሉም ሰው ይመታል)፣ በሁለተኛው ርግጫ ተነሳች። ሰውየው ስለ አያያዙ ያልማለበት ታቦት የለም። ያልነገረኝ አንዲት ነገር ብቻ ነበረች፣ እመጣባታለሁ።

ለማታውቁት፣ ይቺ ሞተር ቱስትሮክ ናት። ቫልቮላ የላትም። እንደ ቦክሰር ከስር ተጠራቅሞ ፒስተኑን የሚያለሰልስ ዘይትም የላትም፣ ታች ያለው የማርሹ ዘይት ነው። ፒስተኗን የሚያለሰልሰው ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ የሚቃጠል ዘይት ነው። ከጎን ሽፋኗ ስር ለሱ የሚሆን ታንከር አላት፣ ትንሽዬ ፓምፕ ከዛ እየሳበች ጠብ ጠብ ታደርግለታለች፣ አውቶሉብ ይሉታል። ስለዚህ ታጨሳለች። ተፈጥሮዋ ነው! ይሄን አንድ ሰው፣ አንድ ሰው ብቻ እንኳን እንዲገባው ማድረግ አልቻልኩም። ከጃንተከል ዋርካ እስከ አራዳ ስሄድ በትንሹ ሶስት ሰው ያስቆመኛል፣ ወንድሜ ፋሻው (የፒስተኑ ቀለበት) አልቋል፣ ወንድሜ ዘይት እየበላች ነው፣ ወንድሜ ሞተር ይውረድ። አንዱ መካኒክማ ዘይት ልለካ ብሎ የመለኪያ ዘንጓን አስር ደቂቃ ሙሉ ሲፈልግ ቆየ፣ ሲያጣት ቀና ብሎ "ሰርቀውብሃል" አለኝ።

የኔ ስህተት እነዚህን ሰዎች መስማት መጀመሬ ነው። ምክንያቱም በሁለተኛው ሳምንት፣ ሻጩ ጥሎባት የነበረው ቤንዚን አልቆ፣ ማደያ ግማሽ ቀን ተሰልፌ ራሴ ሞልቼ ስነሳ ጭሱ ጠፋ። ዝም። ንጹህ። አየህ ቤንዚኑ ነበር ችግሩ አሉኝ፣ እኔም አመንኩ። እንኳን ደስ አለህ ያለኝ ሰው ብዛት! የዘይት ታንከሩን ከፍቼ አየሁት፣ እንደሞላሁት ጢም ብሎ አለ፣ ጭራሽ ዘይት አትበላም ብዬ ኮራሁ። አሁን ሳስበው ራሴን በጥፊ ማለት ነው የሚያምረኝ፣ ዘይት መብላት ያለባት ሞተር ዘይት ካልበላች ምን እየበላች ነው ብሎ የሚጠይቅ ጭንቅላት አጣሁ።

አዘዞ ደርሼ ስመለስ ዳገቱ ላይ መጀመሪያ ጉልበቷ ከዳኝ፣ ቀጥሎ እንደ መጮህ አለች፣ ከዛ የኋላ ጎማው ድርቅ ብሎ መንሸራተት ጀመረ። ፍሪሲዮን እንዴት እንደያዝኩ እኔ አላውቅም፣ እጄ ነው የያዘው። ከኋላዬ አይሱዙ ነበር። ይሄን ብቻ ልበልና ልለፈው።

እየገፋሁ ነው የገባሁት። እናቴ በር ላይ ሆና አየችኝና "በቅሎ እንኳን ሲደክማት ትቆማለች እንጂ እንዲህ ጌታዋን አትገድልም" ብላ ውሃ ልታመጣልኝ ገባች።

ድሮ መስሪያ ቤት ውስጥ እነዚህን ሞተሮች ሲጠግኑ የኖሩ አንድ ጡረተኛ አባት አሉ ተባልኩና ሄድኩ። ሽፋኗን ፈቱ፣ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባቸውም። "ልጄ፣ ፓምፗ ተቆርጣለች እኮ።" ቱቦው ተነቅሎ ቀዳዳው በብሎን ተደፍኗል። ሻጩ ፓምፗ ስትበላሽበት ዘይቱን በእጁ ቤንዚን ላይ እየቀላቀለ ነበር የሚነዳት! እኔ ደሞ ለማንም የማይደርስ ታንከር ውስጥ ዘይት ሞልቼ ፒስተኑን በደረቅ ቤንዚን ስፈጭ ከረምኩ። ያማሃው ምን በደለ። ሻጩ ጋ ደወልኩ፣ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አልነገርኩህም እንዴ? ይሄማ ማንም የሚያውቀው ነው።"

ጀርመን ያለው ያጎቴ ልጅ ጋ ደውዬ ሳለቅስበት ሳቀ። እሱ ደሞ የባሰበት ነው፣ ሄርኩለስ ደብልዩ 2000 የምትባል አሮጌ የጀርመን ሞተር ገዝቷል፣ የ1974 (በነሱ አቆጣጠር)፣ ሮታሪ ሞተር ያላት። ፒስተን የሚባል ነገር ጭራሽ የላትም፣ በሱ ፈንታ ባለ ሶስት ጎን ነገር ነው ውስጥ የሚሽከረከረው፣ ፊሊክስ ቫንክል የሚባል ጀርመናዊ የፈለሰፈው። እሷም ቫልቮላ የላትም፣ እሷም ዘይት ታቃጥላለች፣ የመጀመሪያዎቹ ላይ እንደኔዋ ቤንዚኑ ላይ በእጅ መቀላቀል ነበረበት። ሱዙኪም በዛው ሰሞን አርኢ5 የምትባል ሮታሪ አውጥቶ ነበር፣ በነሱው 1976 አቆመ። በዛ ባለ ሶስት ጎን ነገር ጫፎች ላይ ያሉት ማሸጊያዎች ካለቁ ሞተሩ አለቀ ማለት ነው፣ ያጎቴን ልጅ ጎረቤቶቹም ሁሌ እያጨሰች ነው ይሉታል። እኔ ትንሽ ተጽናናሁ። ግን ልዩነቱን ልንገራችሁ፣ እሱ ወፍራም የጥገና መጽሐፍ አለው፣ ዕቃ ሲያዝ በሳምንቱ ፖስታ ቤት ያመጣለታል። እኔ ሲሊንደሩ ሬቲፊካ ተደርጎ (ውስጡ ተፍቆ ሰፍቶ) በ0.25 ሚሊሜትር የሚበልጥ ፒስተን አስፈለገኝና አዲስ አበባ ስደውል "አለ" አሉኝ። ብር ላክሁ። በአውቶቡስ የመጣው ባለ 0.50 ነው። ስደውል "እሱ ይሻላል፣ ወፍራም ነው" አለኝ። ወፍራም ነው! እንጀራ መሰለው እንዴ? ሲሊንደሩ እንደገና ተፋቀ፣ እንደገና ተከፈለ።

ቤንዚኑ ላይ በእጅ የሚቀላቀለውን የዘይቱን ልኬት ደሞ ብጠይቅ ሁሉም ሊቅ ነው። አንዱ በሊትር 20 ሚሊ፣ አንዱ 50፣ አንዱ በሊትር አንድ ቡሽ (የምን ቡሽ?)፣ አንዱ ሽታው እስኪለወጥ። በመጨረሻ የሽማግሌውን ሰማሁ፣ አሁን የልጅ መድኃኒት መለኪያ ኪሴ ይዤ ነው የምዞረው፣ ማደያ ላይ ሳወጣው ቀጂው ልጁ የታመመበት ሰው እየመሰልኩት ያዝንልኛል።

ዛሬ ጠዋት ለመጀመሪያ ጊዜ አስነሳኋት። ሰማያዊ ጭስ ቡፍ አለ፣ እንባዬ ሊመጣ ነበር። ፒያሳ ሳልደርስ አንድ የባጃጅ ሹፌር ጎኔ መጥቶ አንገቱን አወጣ።

"ብሮ፣ ሞተርህ እያጨሰች ነው። ፋሻው አልቋል።"