ሳር፣ ድንኳንና ሁለት ተማሪዎች

ልጁን በመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ወላጅ በዓመት አንድ ቀን ይከበራል። በሌላው ጊዜ ጥበቃው በሩ ላይ አቁመው «ምን ጉዳይ ነበረዎት?» እያሉ ከእግር እስከ ራሱ የሚለኩት ሰው፣ በዚያች ቀን «የተከበራችሁ የትምህርት ቤታችን ባለድርሻ አካላት» ተብሎ በድምፅ ማጉያ ይጠራል። ቀኗ ያለፈው ዓመት የሥራ አፈጻጸም ሪፖርት የሚቀርብባት ናት። ጥሪው የደረሰኝ በልጄ ደብተር የመጨረሻ ገጽ ላይ ተጽፎ ነው። «በክብር ጋብዘንዎታል» ብሎ ይጀምርና «ወላጁ ያልተገኘ ተማሪ ሰኞ ወደ ግቢ አይገባም» ብሎ ይጨርሳል። እንዲህ ያለ ግብዣ እንቢ የሚባል አይደለም።

ቀኑ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥቅምት ነው። ወረቀቱ 2፡30 ይላል፤ 2፡30 ደረስኩ። ከእኔ ቀድመው የተገኙት ወንበሮቹ ብቻ ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ ተሟልተው አልመጡም። አዳራሹ በር ላይ አንዲት መምህርት ስሜን ጽፌ እንድፈርም ወረቀት ዘረጉልኝ። «የምን ፊርማ ነው?» ብላቸው «ለሻይ ነው» አሉኝ። ለሻይ ብዬ ፈረምኩ። አንባቢ ይህችን ፊርማ አደራ እንዳይረሳት።

መድረኩ ላይ የተሰቀለው ባነር የዓመቱ የመጨረሻ አኃዝ በወረቀት ተለጥፎበታል። በመስኮቱ ነፋስ ሲገባ ወረቀቷ ብድግ ትልና ከሥሯ የአምናው ቁጥር ይታያል፤ ነፋሱ በርታ ሲል ደግሞ ከአምናው ሥር የካቻምናው ብቅ ይላል። ከጎኔ የተቀመጡ ጡረታ የወጡ የሒሳብ ሹም ዓይናቸውን ከባነሩ ሳይነቅሉ «ሪፖርቱም እንደዚሁ ነው» አሉኝ። የልጅ ልጃቸውን ወክለው የመጡ ናቸው። ከዚህ ቀደም አራቱን ልጆቻቸውን ወክለው መጥተዋል፤ ስለዚህ ነገሩን እንደ ዳዊት ይደግሙታል።

ርዕሰ መምህሩ ከነ ካባቸው ተነሡ። (ካባው የምርቃት ነው። ለምን እንደለበሱት አልጠየቅኩም፤ ከእኛ መካከል አንድ ሰው የተመረቀ መስሎ መታየቱ አይከፋም።) ሪፖርቱ 42 ገጽ ነው። የመጀመሪያዎቹ 15 ገጾች «ትምህርት ቤቱ ለአካባቢው ማኅበረሰብ የሰጣቸው አገልግሎቶች» ይላሉ። እውነቱን ለመናገር፣ እነዚህን ገጾች ስሰማ ልቤ በኩራት ሞላ። ከተማችን ያለዚህ ትምህርት ቤት መኖር አትችልም። ሰርግ ሲኖር አዳራሹ ይከራያል። ሰው ሲሞት ወንበሩ ለእድር ይወጣል፤ ሜዳውም ድንኳን ይተከልበታል። የወረዳው ስብሰባ እዚያ ነው፤ የክትባት ዘመቻ እዚያ ነው፤ በ2013 ዓ.ም. ምርጫ ተሰልፈን ያደርንበት የምርጫ ጣቢያም እዚያው ነበር። ወጣቶች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ጎልማሶች ጠዋት ጠዋት ቦርጫቸውን ይሮጡበታል፣ መንጃ ፈቃድ የሚለማመዱ ሰዎች ወደ ኋላ ይነዱበታል። በዚህ ሁሉ መካከል፣ ቦታና ጊዜ ሲገኝ፣ ትምህርትም ይሰጥበታል።

ከሁሉ ረጅሙ ክፍል ግን ሳሩ ነበር። ክረምቱ ሲወጣ የግቢው ሳር በጨረታ ይሸጣል፤ ይህ በየአገሩ ያለ የመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያውቀው የውስጥ ገቢ ነው። ርዕሰ መምህሩ ጨረታው በየት በየት እንደተለጠፈ፣ ስንት ተጫራች ሰነድ እንደወሰደ፣ ፖስታው በእነማን ፊት እንደተከፈተ፣ ሁለተኛ የወጡት ተጫራች ያቀረቡት ቅሬታ በምን ኮሚቴ እንደታየና ኮሚቴው በስንት ቀን ውሳኔ እንደሰጠ አንድ ባንድ አስረዱን። እንዲህ ያለ ግልጽነት በሕይወቴ አይቼ አላውቅም። አሸናፊዋ ባለ ላም እናት በዚያው ሰዓት ውጭ ላይ ያሳጭዱ ነበርና የማጭዱ ድምፅ ሪፖርቱን ያጅበዋል። «በዚህ ግቢ ማንም ሳይከታተለው የሚያድገው ሳሩ ብቻ ነው» አሉኝ ሹሙ።

ከዚያ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» መጣ። ማኅበረሰቡ በገንዘብ፣ በጉልበትና በሐሳብ መሳተፉ ተነገረ። ተሳትፎ ማለት ምን እንደሆነ ወላጅ የሆነ ሁሉ ያውቃል፤ በአጥር ይጀምራል፣ በአጥር ይቀጥላል። ልጄ 9ኛ ክፍል ከገባ ወዲህ ለዚያ አጥር ሦስት ጊዜ ከፍያለሁ፤ አጥሩም በሦስቱም ጊዜ ተገንብቷል፣ አልዋሽም። በገንዘብ ለተሳተፍነው ደረሰኝ ተሰጥቶናል። በሐሳብ የተሳተፉት ደረሰኝ ስላልተሰጣቸው ሐሳባቸው የት እንደገባ ማወቅ አይቻልም።

ግንዛቤም ነበር። ለተማሪዎች ስለ ኩረጃ ግንዛቤ ተሰጠ፣ ለወላጆች ስለ ክትትል ግንዛቤ ተፈጠረ፣ ለመምህራን ስለ ግንዛቤ አሰጣጥ ግንዛቤ ተጨበጠ። በአገራችን ይህን ያህል ዘመን ግንዛቤ ሲጨበጥ ኖሯል፤ አንድ ቀን እጃችንን ዘርግተን ምን እንደያዝን ብናይ ደስ ባለኝ።

ስለ ኢንስፔክሽን ውጤት የተነበበው አጭር ነው። ትምህርት ቤት በ26 ስታንዳርዶች ተመዝኖ ከደረጃ 1 እስከ ደረጃ 4 ይመደባል። የእኛው ደረጃ 2 ላይ ሆኖ «ወደ ደረጃ 3 ለመሸጋገር ጫፍ ላይ ይገኛል»። ሹሙ ትልቁን ልጃቸውን ወክለው በመጡበት ዓመትም ጫፍ ላይ እንደነበር አስታወሱኝ። አንድ ነገር ያን ያህል ዘመን ጫፍ ላይ ቆሞ አለመውደቁ ራሱን የቻለ አፈጻጸም ነው።

«የቴክኖሎጂ አጠቃቀም» በሚለው ርእስ ሥር ፕላዝማው ተነሣ። በ1997 ዓ.ም. ገደማ በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ ክፍል የተሰቀለውን ፕላዝማ የምታስታውሱ ታስታውሱታላችሁ። በሳተላይት የምትመጣው አስተማሪ በእንግሊዝኛ ትጠይቃለች፣ ጥቂት ሰከንድ ትጠብቃለች፣ ከዚያ ማንም ትንፍሽ ሳይል «በጣም ጥሩ፣ ትክክል ናችሁ!» ትላለች። ያን ያህል ያመነብን አስተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ ወዲህም አልታየም። በልጄ ክፍል ያለው ፕላዝማ ከነብረት ሳጥኑና ከነቁልፉ ዛሬም ግድግዳው ላይ አለ። ሪፖርቱ «አስፈላጊው ጥበቃ እየተደረገለት ይገኛል» ይላል። ፕላዝማው ከሳጥኑ እንዳይወጣ ነው ወይስ ልጆቹ እንዳይደርሱበት፣ አልተብራራም።

ገጽ 31 ላይ ርዕሰ መምህሩ ውኃ ጠጡ። «የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በተመለከተ ትምህርት ቤታችን ካለፈው ዓመት ጋር ሲነጻጸር የ100 በመቶ እድገት አስመዝግቧል» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ እኔም አጨበጨብኩ። እጄ ገና አየር ላይ ሳለ ሹሙ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «የስንት መቶ በመቶ?» አሉ። አምና ያለፈው አንድ ተማሪ ነበር። ዘንድሮ ሁለት ናቸው።

ለርዕሰ መምህሩ ግን ፍርድ አይጓደልባቸው። ፈተናው ኩረጃና ስርቆት በዛበት ተብሎ ከየትምህርት ቤቱ ወጥቶ በዩኒቨርሲቲዎች መሰጠት ሲጀምር፣ ልጆቻችንን ከነብርድ ልብሳቸው በአውቶቡስ አሳፍረን መርቀን ሸኘናቸው። የ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች ውጤት ሲነገር ግማሹን ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ሆኑ። ፈተናው ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲሄድ ውጤቱ እኛ ዘንድ ቀርቷል ማለት ነው። በ2015 ዓ.ም. 3.2 ሆነ፤ በ2016 ዓ.ም. 5.4፤ በ2017 ዓ.ም. 8.4። አገር በዚህ መሰላል ላይ እያለ የእኛ ትምህርት ቤት ብቻውን እንዴት ጣሪያ ላይ ይገኝ? ርዕሰ መምህሩም ይህንኑ ነው ያሉት። «በ2015 ዓ.ም. 1,328 ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። ከእነዚህ ጋር ስንነጻጸር ትምህርት ቤታችን በስንት እጥፍ እንደሚበልጥ አስሉት!» ሹሙ እስክሪብቶ አወጡ፤ ትንሽ ቆዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቱት። «ለዜሮ ማካፈል አይቻልም» አሉ።

ሁለቱ ልጆች ወደ መድረክ ተጠሩ። ለእያንዳንዳቸው የምስክር ወረቀትና አንድ የግድግዳ ሰዓት ተሰጣቸው። አንዱ የወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባል ምስጢሩን ለታናናሾቻቸው እንዲያካፍሉ ማይክሮፎኑን አቀበሏቸው። ልጁ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ «ሰፈራችን ያለው የግል ትምህርት ቤት ጥበቃ ያውቁኛል፤ ማታ ማታ ቤተ መጻሕፍታቸው ያስገቡኝ ነበር» አለ። ልጅቷ ደግሞ መጽሐፎቹን በወንድሟ ስልክ ላይ ጭና እንዳነበበች ተናገረች። ይህን ጊዜ ምክትሉ ማይክሮፎኑን በትሕትና ተቀበሏት። ነገሩ እንዲህ ነው፦ አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ የታተመው መጽሐፍ ስላልተዳረሰ ልጆቹ በስልክ እንዲያነቡ ተነገራቸው፤ ስልክ ይዞ ወደ ግቢ መግባት ደግሞ በትምህርት ቤቱ ደንብ የተከለከለ ነው። አምና ልጄ ከነስልኩ ተይዞ እኔ ስጠራ፣ የተከሰሰው በውጤቱ መጽሐፍ ይዞ በመገኘት ነበር።

ቤተ መጻሕፍቱን ለማየት በእረፍት ሰዓት ወጣሁ። ቁልፉ አልተገኘም፤ ቁልፉ ያላቸው ሠራተኛ ከተዛወሩ ቆይተዋል። በመስኮቱ መስታወት ላይ ያለውን አቧራ በእጄ ጠርጌ አየሁ። የእድሩ ወንበሮች በጠረጴዛዎቹ ላይ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል። ከበላያቸው ግድግዳው ላይ «ጸጥታ ይከበር» የሚል ጽሑፍ አለ። ተከብሯል።

ስመለስ ርዕሰ መምህሩን መተላለፊያው ላይ አገኘኋቸው። ካባውን አውልቀው በክንዳቸው ይዘውታል፤ የሸሚዛቸው ኮሌታ ተበልቶ ተገልብጦ የተሰፋ ነው። ሰላምታ ሰጥቻቸው «ዳይሬክተር፣ ሳሩን እንደዚያ አስረድተው ፊዚክሱን በአንድ መስመር አለፉት» አልኳቸው። አልተቆጡም። «ወንድሜ፣ ቅጹ ከላይ ተዘጋጅቶ ነው የሚመጣልኝ» አሉ። «ለውስጥ ገቢ ስድስት ዓምድ አለው። ልጁ ገብቶታል ወይ የሚል ዓምድ ቢኖረው እኔም ቢያንስ ተጨንቄ እሞላው ነበር።» ይህን ብለው ካባቸውን መልሰው ለበሱ።

ውይይቱ «ጊዜ ስለሌለን አጠር አድርጉ» በሚል ማሳሰቢያ ተከፈተ። የመጀመሪያው ተናጋሪ አጠር አድርገው ለ10 ደቂቃ አመሰገኑ። ሁለተኛው የደንብ ልብሱ ቀለም ለምን እንደተቀየረ ጠየቁና አዳራሹ ነፍስ ዘራ። ሰማያዊው ይሻላል፣ የለም አረንጓዴው ቆሻሻ ይችላል፣ ልብስ ሰፊውን ማን መረጠው እየተባለ 40 ደቂቃ ሄደ። በትምህርት ጉዳይ ላይ ሁላችንም እኩል እውቀት ያለን በዚህ አንድ ነጥብ ላይ ነው።

በመጨረሻ ነጠላ ያጣፉ እናት ከኋላ ተነሡ። «የኔ ልጅ አምና ከጥር ጀምሮ ፊዚክስ አልተማረችም። ዘንድሮስ አስተማሪ መጣ?» አሉ።

«ክፍተቱን ለይተን ለሚመለከተው አካል አሳውቀናል» አሉ ርዕሰ መምህሩ።

የሚመለከተው አካል በአገራችን እንደ ስሙ የሚኖር ብቸኛ አካል ነው፤ ሥራው መመልከት ነው።

«መምህሩ ወዴት እንደሄዱ አይታወቅም ነበር» ብለው ምክትሉ ጨመሩ።

«ኧረ እኔ አውቃለሁ» አሉ እናትዬዋ። «ዛሬ ጠዋት በባጃጅ ያመጣኝ እሱ ነው። ወደዚህ እንደምመጣ ስነግረው ሒሳብ አልቀበልም አለኝ። ሰላም በሉልኝም ብሎ ነበር፤ ይኸው ብያለሁ።»

እኔም እጄን አወጣሁ። ለፈተና የተቀመጡት ጠቅላላ ስንት እንደነበሩና ሁለቱ ከስንት እንደወጡ ጠየቅኩ። መልሱ በአባሪው ላይ እንዳለ ተነገረኝ። አባሪው የት አለ ብል፣ ሪፖርቱ ሲባዛ ገጽ 42 ላይ የማባዣው ቀለም አልቋል።

ጸሐፊዋ ቃለ ጉባኤውን አነበቡ። «ወላጆች የቀረበውን ሪፖርት በአድናቆት አዳምጠው፣ በደንብ ልብስ ዙሪያ ጠቃሚ አስተያየት ሰጥተው፣ የተመዘገበው የ100 በመቶ እድገት በየዓመቱ ተጠናክሮ እንዲቀጥል አደራ በማለት በሙሉ ድምፅ አጽድቀዋል።» ሹሙ እስክሪብቷን እንደገና አወጡና በጥሪው ወረቀት ጀርባ ላይ አሰሉት። በየዓመቱ እጥፍ ከሆነ፣ በዘጠነኛው ዓመት 1,024 ተማሪ ያልፋል። «ከዚያ በኋላ ግን ልጅ ያልቅብናል» አሉ በሐዘኔታ።

እኔ «በሙሉ ድምፅ» የሚለው ላይ ተቃውሞ እንዳለኝ ለመናገር ተነሣሁ። ጸሐፊዋ ፈገግ ብለው ከቃለ ጉባኤው ጋር በስቴፕለር የተያያዘውን ወረቀት ወደ እኔ አዞሩት። ተራ ቁጥር 1፣ ስሜ ከነአባቴ፣ ከጎኑ ፊርማዬ፤ በጠዋት ስለፈረምኩ እጄም ረጋ ብሎ ነበርና ታምራለች። ወደ በሩ ስወጣ የሳሩ ጋሪ መንገዱን ዘግቶ ነበርና ቆሜ አሳለፍኩት። ሻይ የሚቀዱትን መምህርት ጠየቅኳቸው፤ አልቋል አሉኝ።