ሬትህ ስንት ነው?

የፋሲካ ዕለት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አንድ ጓደኛችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ዶሮው ተበላ። ቡናው ቶና ላይ ሲደርስ ወሬው እንደተለመደው ወደ ቤት ዞረ። እዚህ አገር ሰው ደመወዝህን አይጠይቅህም፣ ነውር ነው። "ሬትህ ስንት ነው?" ብሎ መጠየቅ ግን ነውር የለውም። የቤት ብድርህ ወለድ ስንት በመቶ ነው ማለት ነው። አገር ቤት ሬት እናቶች ልጅ ጡት ሲያስጥሉ የሚቀቡት መራራ ነገር ነው። እዚህም ሥራው ያው ነው።

ጋባዣችን ቤቱን የገዛው በፈረንጆች 2021 ነው። ሬቱ 3 በመቶ። እኔ የገዛሁት በ2023 ሐምሌ ላይ ነው። 7 በመቶ። ሁለታችንም የተበደርነው 400 ሺህ ዶላር ነው፣ የምንከፍለውም ለ30 ዓመት ነው። እሱ በወር 1,686 ዶላር ይከፍላል። እኔ 2,661። የሱ ቤት ባለ አራት መኝታ ነው፣ የኔ ባለ ሦስት። ልዩነቱ በዓመት ሲደመር 11,700 ዶላር ይመጣል። ባለቤቴ ይህን ቁጥር በቃሏ ታውቀዋለች። እኔ ለመርሳት እሞክራለሁ።

እሱ ከኔ ጎብዞ አይደለም። ያኔ ኮቪድ ነበር፣ ወለዱ በታሪክ ታይቶ በማይታወቅ ደረጃ ወርዶ ነበር። በጥር 2021 አማካዩ 2.65 በመቶ ደርሷል። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ስለነበረች ሰፋ ያለ ቤት ፈለጉና ገዙ፣ አለቀ። እኔ ደግሞ ዋጋው ይወርዳል የሚሉ የዩቲዩብ ሊቃውንትን እየሰማሁ ቆየሁ። ከዚያ የኑሮ ውድነቱ መጣ፣ ወለዱም አብሮ ወጣ። በጥቅምት 2023 ወደ 8 በመቶ ተጠግቶ ነበር። እንዲያውም እኔ ተርፌያለሁ ይሉኛል።

የመጀመሪያውን ወር ክፍያ ከፍዬ ዝርዝሩን ስመለከት ለረጅም ጊዜ ዝም አልኩ። ከ2,661 ዶላሩ 2,333ቱ ወለድ ነው። ከዕዳው ላይ የተቀነሰው 328 ዶላር ብቻ። በዚህ አካሄድ በዓመቱ የራሴ የሆነው ምናልባት የበሩ ደረጃ ነው። የቤት ግብርና ኢንሹራንስ ደግሞ ለብቻው ይታሰባል። ሜሪላንድ የቤትህን ግምት በየሦስት ዓመቱ ያድሳል። ግምቱ ሲወጣ ግብሩም ይወጣል። ስለዚህ "ቋሚ ነው" የተባልነው ክፍያ ሙሉ በሙሉ ቋሚ አይደለም።

ጥግ ላይ አንድ ጋሼ የምንለው ሰው ተቀምጦ ነበር። ወሬያችንን በፈገግታ ያዳምጣል። እሱ በ2006 ቤት ገዝቶ ነበር። መጀመሪያ ዝቅ ብሎ ከዓመታት በኋላ የሚጨምር ወለድ ያለው ብድር ነበር የወሰደው። ያኔ እንዲህ ያለውን ብድር ለማንም ይሰጡ ነበር። ወለዱ ጨመረ፣ የቤቱ ዋጋ ወረደ፣ እሱም ከሥራ ተቀነሰ። በ2009 ባንኩ ቤቱን ወሰደበት። ዛሬ የሚኖረው በአንድ አሮጌ አፓርትመንት ውስጥ በኪራይ ነው። ሞንጎምሪ ካውንቲ ባወጣው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እንደሱ ባሉ አሮጌ ሕንፃዎች ላይ ባለቤቶቹ በዓመት ከ6 በመቶ በላይ መጨመር አይችሉም። "እናንተ ማሞቂያ ሲበላሽ ባለሙያ ትጠራላችሁ፣ እኔ ኦፊስ ደውዬ እተኛለሁ" ይለናል። መልስ የለንም። ባለፈው ክረምት የኔ ማሞቂያ ሄዶ ስምንት ሺህ ዶላር አስወጥቶኛል።

ቡናውን የምታፈላልን ወጣት ከነባሏ የምትኖረው እዚያው ቤት ቤዝመንት፣ ማለትም ምድር ቤቱ ውስጥ ነው። ከመጡ ገና ዓመታቸው ነው። የነሱ ኪራይ የጋባዣችንን የቤት ብድር ክፍያ ግማሽ ይሸፍናል። ቤዝመንትን "ዘመናዊ ኑሮ" እያልን እናወራለታለን እንጂ፣ አገር ቤት ብናየው ስሙ ሰርቪስ ቤት ነው። መስኮቱ ጣሪያው ጋ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ማታ ለእህቴ ደወልኩ። አዲስ አበባ፣ አያት ኮንዶሚኒየም ተከራይታ ነው የምትኖረው። በ2008 ዓ.ም. ስትገባ ኪራዩ 3,500 ብር ነበር። ዛሬ 18,000 ነው። እሷ አስተማሪ ናት፣ ባሏ የቢሮ ሠራተኛ። የሁለቱም ደመወዝ ተደምሮ 30 ሺህ አይሞላም። ከነሱ በር ፊት ለፊት፣ እዚያው ወለል ላይ፣ ተመሳሳይ ባለ ሁለት መኝታ ቤት ውስጥ የምትኖር ጎረቤት አለቻቸው። የ1997 ዓ.ም. የኮንዶሚኒየም ተመዝጋቢ ናት፣ ዕጣ ቀድሞ ወጣላት። ለባንክ በወር የምትከፍለው ከ2,000 ብር በታች ነው። ሁለቱ ሴቶች አንድ የውሃ ጀሪካን ተጋግዘው ደረጃ ይወጣሉ። ውሃ ስትጠፋ ለሁለቱም እኩል ትጠፋለች።

እህቴ የ2005 ተመዝጋቢ ናት። ሃያውን በመቶ ራስህ ቆጥበህ ሰማንያውን ባንክ በሚያበድርበት በ20/80 በየወሩ ትቆጥባለች። በ2014 ዕጣ ወጣ ተብሎ እልል ከተባለ በኋላ መረጃው ተነካክቷል ተብሎ ተሰረዘ። እንደገና ወጣ። የሷ ስም አልነበረበትም።

"ታዲያ ለምን ከባንክ ተበድራችሁ አትገዙም?" አልኳት አንድ ቀን፣ እንደ ዲያስፖራ። ሳቀች። እሺ ብለን አሰላነው። በ18 በመቶ ወለድ ለ20 ዓመት 3 ሚሊዮን ብር ብትበደር በወር 46 ሺህ ብር አካባቢ ይመጣል። ሁለቱም ሳይበሉና ሳይጠጡ ደመወዛቸውን ቢያስረክቡም አይሞላም። በ3 ሚሊዮን ብር ደግሞ የት እንደሚገዛ እሷም እኔም አናውቅም። ከዚያ ወዲህ የኔን 7 በመቶ እሷ ፊት አላማርርም።

የብሩና የዶላሩ ምንዛሪ ደግሞ ወሬያችንን ያበላሸዋል። 2,661 ዶላሬን ባንኩ በ57 ብር ሲመነዝር ወደ 150 ሺህ ብር ነበር። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና ዶላሩ መቶ ብርን አለፈ። የኔም የቤት ክፍያ በአንድ ጊዜ ከ266 ሺህ ብር በላይ ሆነ። እኔ እዚህ አንድ ሳንቲም አልጨመርኩም። አክስቴ ግን ይህን ሰምታ "በወር ሩብ ሚሊዮን ብር ለቤት የሚከፍል ልጅ ለኔ መድኃኒት መላክ ከበደው?" ብላ ተቀይማኛለች።

የአክስቴ ነገር ለብቻው ነው። ፒያሳ የቀበሌ ቤት ውስጥ ከ40 ዓመት በላይ ኖራለች። ደርግ በሐምሌ 1967 በአዋጅ ቁጥር 47 ትርፍ ቤቶችን ሲወርስ አነስተኛ ኪራይ ያላቸው ወደ ቀበሌ ሄዱ፣ እሷም በዚያ ገባች። የምትከፍለው ለታክሲ እንኳ የማይበቃ ሳንቲም ነበር። ጣሪያው ያፈሳል፣ ሽንት ቤቱ የስድስት ቤተሰብ ነው። ግን ዕድሯ፣ ማኅበሯ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ሁሉም በእግር ነው። በ2016 ሰፈሩ በልማት ተነሣና ዳር ላይ ምትክ ቤት ተሰጣት። ቤቱ ጥሩ ነው፣ ቧንቧው ግቢ ውስጥ ሳይሆን ቤት ውስጥ ነው። ለቅሶ ለመድረስ ግን ሦስት ታክሲ ትይዛለች። ይህን ወጪ በየትኛው መስመር ላይ እንደምጽፈው አላውቅም።

ወደ እህቴ ልመለስ። በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ 1320 ውሉ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሁን፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ፣ ጭማሪም በዓመት አንዴ መንግሥት በወሰነው ልክ ይሁን ይላል። አከራይዋ አዋጁን አከበሩ። ውሉ ላይ 9,000 ብር ተጻፈ። ቀሪው 9,000 በእጅ ይሰጣል። "ልክሰሳቸው እንዴ?" ትለኛለች። ክሳ የት ልትገባ ነው? ደላላው እንደሆነ ነገውኑ ሌላ ሰው ያመጣል። ጋሼን አሰብኩት፣ ኦፊስ ደውሎ የሚተኛውን።

"አንተ ግን ምን አለብህ፣ ቤት ገዝተሃል" አለችኝ።

"የባንኩ ነው" አልኳት።

"እስከ መቼ?"

ወረቀቱን አውጥቼ አነበብኩላት። የመጨረሻው ክፍያ ነሐሴ 2053 ላይ ነው።

ዝም አለች። እያሰላች መሆኑ ገብቶኛል። "በፈረንጅ ነው በእኛ?"

"በፈረንጅ።"

"በእኛ 2045 ማለት ነዋ" አለች፣ ድምፅዋ ቀለል ብሎ። "ስምንት ዓመት ቀነሰልህ።"