«አደርክ» ወይስ «አደርሽ»

በእንግሊዝኛ ሰውን ቀኑን ሙሉ ማነጋገር ይቻላል፤ ወንድ ይሁን ሴት አፍን አያስጨንቅም። በአማርኛ ግን ገና «እንደምን አደርክ» ሲባል ጉዳዩ ተወስኗል። ሃያ ዓመት አሜሪካ ስኖር ይህን ልብ ብዬው አላውቅም ነበር። ልብ ያስባሉኝ የላቦራቶሪ ኃላፊያችን ናቸው።

የምሠራው ሜሪላንድ ውስጥ በአንድ ሆስፒታል ላቦራቶሪ፣ በሌሊት ፈረቃ ነው። ከፈረቃችን አራቱ ኢትዮጵያውያን ነን። የሁላችን ታላቅ እትዬ የምንላቸው ሴት ናቸው። ኃላፊያችን አሜሪካዊ ቢሆኑም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ፈረቃ ስናስረክብ በአማርኛ ሰላም ማለት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ ላይ ለሁሉም «እንደምን አደርክ» ነበር። እትዬ አንድ ሳምንት ሙሉ በር ላይ እያስቆሙ «ለሴት አደርሽ ነው፤ ሽ!» እያሉ አስተካከሏቸው። ለእሳቸው ዕድሜ እንኳ የሚገባው «አደሩ» ነበር፤ ግን አንቱታን ደግሞ ለፈረንጅ ማን ያስተምራል?

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሰበሰቡን። የሰው ኃይል ክፍል ባልደረባ ከወረቀት እያነበበች ነገረችን፦ ኃላፊያችን የሦስት ሳምንት ዕረፍት ወጥተዋል፤ ሲመለሱ ስማቸው የሴት ስም ይሆናል፤ እንደ ሴት እንድናስተናግዳቸው ይጠበቃል። ጥያቄ ያለው አለ? ማንም አልነበረውም። ወደ መሣሪያዎቻችን ስንመለስ ግን አራታችን በአማርኛ ጥያቄ ብቻ ነበርን። እኔ በበኩሌ ደስ አላለኝም ነበር፤ አሁን ሌላ ሰው መስዬ ብጽፍ ውሸት ነው። ያደግኩበት ቤትና የምሳለምበት ደጅ ለዚህ አላዘጋጁኝም።

ኋላ ላይ፣ ሥራ በቀዘቀዘበት ሌሊት፣ እሳቸው ራሳቸው አጫወቱኝ። ከዚያ ሐሙስ በፊት ለስምንት ወር ያህል እንቅልፍ ያጡት በሕክምናው አልነበረም። ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ሌላ ሆስፒታል ሥራ አግኝተው ነበር። ማንም አያውቃቸውም፤ በመጀመሪያው ቀን ሴት ሆነው ይገባሉ፣ ነገሩም እዚያው ያልቃል። እዚህ ከቀሩ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት በወንድ ስም የጠራቸው ሰው ሁሉ ፊት ለፊት ይጠብቃቸዋል። «ታዲያ ለምን አልሄዱም?» አልኳቸው። መልሳቸው አሜሪካ ላልኖረ ሰው እንግዳ ነው፤ መጀመሪያ ያነሱት የጤና መድንን ነው። እዚህ አገር ብዙ ሰው መድን የሚያገኘው በአሠሪው በኩል ስለሆነ፣ በሕክምና መካከል ሥራ መልቀቅ ድልድይ ላይ ቆሞ ድልድዩን እንደ ማፍረስ ነው። ቀጥለው ያነሱት ወረቀቶቻቸውን ነው።

የወረቀት ነገር ለእኔ አዲስ አይደለም። የእኔ ስም በዲግሪዬ ላይ አንድ ዓይነት፣ በፓስፖርቴ ላይ ሌላ ዓይነት የላቲን ፊደል አለው፤ አባቴ ደግሞ እዚህ የቤተሰብ ስም ሆነው ቀርተዋል። ሁለቱም አጻጻፍ የእኔው ስም መሆኑን ለማስረዳት ዓመት ፈጅቶብኛል። የእሳቸው ዲግሪ፣ የሙያ ምስክር ወረቀት፣ የቀድሞ አለቆቻቸው ስልክ፣ ሁሉም የሚመሰክረው ለሌላ ስም ነው። አዲሱ ቀጣሪ ደውሎ «እንዴት ያለች ሠራተኛ ናት?» ሲል፣ ከወዲያ በኩል «የትኛዋ?» የሚል መልስ ይመጣል፤ ምስጢሩም በስልክ ይወጣል። አገር ቤትማ መልቀቂያና የሥራ ልምድ ደብዳቤ አለ፤ «አቶ» ወይም «ወይዘሮ» ተብሎ፣ ፎቶግራፍ ተለጥፎበት፣ በፎቶው ጥግ ላይ ክብ ማኅተም አርፎበት። ያንን ማኅተም ማን ያነሣዋል?

መሄድን የመረጠች፣ ወይም የተገደደች አንዲት ሴት ታሪክ ከዚያ ወዲህ አነበብኩ። ሊን ኮንዌይ ትባላለች። በ1960ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ አይቢኤም ውስጥ ኮምፒውተር አንድን ትእዛዝ ሳይጨርስ ሌሎቹን አስቀድሞ የሚሠራበትን ዘዴ የፈለሰፈች ወጣት መሐንዲስ ነበረች። በ1968 ጾታዋን ልትቀይር መሆኑ ሲታወቅ ኩባንያው አባረራት። በአዲስ ስም፣ ያለፈ ታሪክ እንደሌላት ሰው ከታች ጀመረች። በ1973 ዜሮክስ ፓሎ አልቶ የምርምር ማዕከል ገባች፤ በ1980 ከካርቨር ሚድ ጋር ያሳተመችው የቺፕ ዲዛይን መማሪያ የአንድ ትውልድ መሐንዲሶችን አስተማረ። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል «ያንን የአይቢኤም ሥራ የሠራሁት እኔ ነኝ» ማለት አልቻለችም። ለራሷ ሥራ ምስክር መሆን ተከለከለች። አይቢኤም ይቅርታ የጠየቃት በ2020 ነው፤ ከሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ። በ2024 አረፈች።

ይህን ሳነብ የታወሱኝ የዋሽንግተን የመኪና ማቆሚያ ቤቶች ናቸው። እዚያ ስሠራ ከጎኔ ቁልፍ የሚቀበል ሰው ዳኛ ነበር። ሌላው የሒሳብ መምህር፤ እኔ ኬሚስትሪ አስተምር ነበር። ማናችንም ለአሜሪካዊ አለቃችን አልነገርነውም። ቢነገረው ምን ያደርግለታል? ከዜሮ መጀመር ነፃ ያወጣል ይባላል፤ እውነትም አንዳንዱን ያወጣዋል። እኔ ያየሁት ግን፣ ትናንትናውን የሚያውቅለት አንድ ሰው እንኳ አጠገቡ የሌለው ሰው ድምፁ እየቀነሰ ሲሄድ ነው። ልዩነቱ እኛ ቅዳሜ ማታ አንድ ላይ ስንቀመጥ ዳኛው ተመልሶ ዳኛ ይሆን ነበር። ኮንዌይ ቅዳሜ አልነበራትም።

የቆየውም አለ። ቤን ባሬስ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የአንጎል ሳይንቲስት ነበር። በ1997፣ በአርባዎቹ ዕድሜ፣ ከሴት ወደ ወንድ ሲሸጋገር ሙያዬ አበቃ ብሎ ፈርቶ ነበር። እዚያው ቆየ፤ ኋላም የክፍሉ ኃላፊ ሆነ። ከሽግግሩ በኋላ ንግግሩን ያዳመጠ አንድ ምሁር «የባሬስ ሥራ ከእህቱ ሥራ በጣም ይበልጣል» ማለቱን ሰማ። እህት የተባለችው ራሱ ነበር።

አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት የሚሠራ ጓደኛዬ በስልክ ይህን ሁሉ ስተርክለት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ደመወዙ አልተነካም?» ሳቅኩበት እንጂ ትክክለኛውን ጥያቄ ነው የጠየቀው። በ2008 ሁለት አሜሪካውያን ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ከሴት ወደ ወንድ የተሸጋገሩት ገቢያቸው ጥቂት ከፍ ሲል፣ ከወንድ ወደ ሴት የተሸጋገሩት ግን አንድ ሦስተኛ ያህል አጥተዋል። የተጠኑት ሰዎች ብዙ አልነበሩም። ለእትዬ ስነግራቸው ጓንታቸውን እያወለቁ «ሴት ስትሆን ደመወዟ እንደሚቀንስ ለማወቅ ጥናት ያስፈልጋል?» አሉ።

ሕጉም ቢሆን ዘግይቶ ነው የደረሰው። ከምክር ቤቱ ሕንፃ ጎን ያለው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2004 ለአንድ የቀድሞ ልዩ ኃይል ኮሎኔል የሽብርተኝነት ተንታኝነት ሥራ ሰጥቶ፣ ኮሎኔሉ ሥራውን በሴትነት እንደሚጀምሩ ሲናገሩ በማግሥቱ ሰረዘው። በ2008 የፈረዱት ዳኛ ያመጡት ምሳሌ ለእኛ ለሐበሾች የተጻፈ ይመስላል፦ አሠሪ «ክርስቲያንም አይሁድም አልጠላም፤ የምጠላው ሃይማኖቱን የሚለውጠውን ብቻ ነው» ቢል፣ ይህ የሃይማኖት አድልዎ አይደለምን? ከዚያም ሚሺጋን ውስጥ በቀብር አገልግሎት ድርጅት ትሠራ የነበረችው ኤሚ ስቲቨንስ በ2013 «ሴት ሆኜ እመለሳለሁ» ብላ ደብዳቤ ጽፋ ተባረረች። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሰኔ 2020 ላይ 6 ለ3 ፈረደላት፤ እሷ ግን ከፍርዱ አንድ ወር ቀደም ብላ ሞታ ነበር። ጥር 2025 ላይ ደግሞ አዲሱ ፕሬዚዳንት የፌዴራል መንግሥቱ ከፅንስ ጀምሮ የሚቆጠሩ ሁለት ጾታዎችን ብቻ እንደሚያውቅ የሚያዝ ትእዛዝ ፈረሙ። የ2020 ፍርድ አልተሻረም፤ ነፋሱ ግን ዞሯል። ኃላፊያችን ዜናውን በምሳ ክፍሉ ቴሌቪዥን አዩ፤ ሳንድዊቻቸውን ጨርሰው ወጡ።

አገር ቤትስ? «ልቆይ ወይስ ሥራ ልቀይር» የሚለው ጥያቄ ራሱ ቅንጦት ነው። የወንጀል ሕጋችን አንቀጽ 629 የሚናገረው ስለ ተመሳሳይ ጾታ ግንኙነት ነው፤ መንደሩ ግን ሁለቱን ለይቶ አያይም። እንዲህ ያለው ሰው የሚያስበው ሥራ ስለ መቀየር ሳይሆን አገር ስለ መቀየር ይመስለኛል። እዚህ የተሻለ ነው ብዬ ለመመጻደቅ አይደለም፤ እኛው ራሳችን ያደረግነውን ልናገር።

በተመለሱበት ጠዋት አራታችንም፣ ሳንነጋገር፣ «እንደምን አደሩ» አልናቸው። ለዓመታት «አደርክ» ያልናቸውን ሰው! አንቱታ ጾታ የለውም፤ ወንዱም ሴቱም እሳቸው ናቸው። አክብሮት አስመስለን ተደበቅንበት። እኔ ይኸው እዚህ ጽሑፍ ላይ ድረስ እንደተደበቅኩ ነኝ። አዲሱን ቃል አላወቁትም፤ የለመዱት «አደርክ» እንዳልሆነ ግን ገብቷቸዋል።

በሁለተኛው ወር ይመስለኛል፣ መሣሪያው አንድ ውጤት ይዞ ቆመ። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን፣ 12.5። በብዙ ላቦራቶሪዎች 12.5 የወንድ ከሆነ የዝቅተኛነት ምልክት ይወጣበታል፤ የሴት ከሆነ ኮምፒውተሩ ዝም ብሎ ያሳልፈዋል። መዝገቡ ላይ የጾታው ቦታ ባዶ ነበር። እትዬ ወረቀቱን ይዘው በሩ ላይ ቆመው ሲጠብቁ ኃላፊያችን ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ገቡ።

«እንደምን አደርሽ» አሉ እትዬ።

ኃላፊያችን ቆሙ። «ሽ» ምን እንደሆነች ያውቃሉ፤ ያስተማሯቸው እትዬ ራሳቸው ናቸው። ጓንት ያላጠለቁበትን እጃቸውን ወደ አንገታቸው አነሡ፣ መለሱትም። ከዚያ በዚያ በተሰባበረ አማርኛቸው «እግዚአብሔር ይመስገን፤ አንቺስ?» አሏቸው፤ ወረቀቱን ተቀብለውም ናሙናው ከየትኛው ክፍል እንደመጣ ጠየቁ።