«ግንዛቤ ማስጨበጥ» ማዳመጥ አይደለም

ባለፈው ቅዳሜ በወረዳችን አዳራሽ የተጠራ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። የወንዝ ዳር ልማቱ የእኛን መንደር እንደሚነካና ነዋሪው ወደ ሌላ ሰፈር እንደሚዛወር ለመንገር የተጠራ ነው። አንዲት እናት እጃቸውን አውጥተው ተነሡ። እንጀራ እየጋገሩ፣ እየሸጡ አራት ልጆች ማሳደጋቸውን፣ ደንበኞቻቸው በሙሉ ከቤታቸው በእግር አምስት ደቂቃ የማይርቁ መሆናቸውን ተናገሩና «እዚያ ሄጄ ለማን ልሸጥ ነው?» ብለው ጠየቁ። ከመድረኩ የመጣው መልስ ይህ ነው፦ «እናታችን፣ ስሜትዎን እንረዳለን። ግን የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ እየሰማን ከተማ መገንባት አንችልም።» ከዚያ ወደ ሚቀጥለው ጠያቂ ታለፈ።

ሳምንቱን ሙሉ ይህ መልስ ሲያብከነክነኝ ሰነበተ። እኚህ እናት ስለ ስሜታቸው አንድም ቃል አልተናገሩም። የጠየቁት ገበያ ነው። የሚገዛኝ ማን ነው ማለት የኢኮኖሚ ጥያቄ ነው፤ አንድ ባለሀብት ቢጠይቀው «የአዋጭነት ጥናት» ተብሎ ባለሙያ ይመደብለት ነበር። ነጠላ የለበሱ የቀበሌ ቤት ተከራይ ሲጠይቁት ግን «ስሜት» ሆነ። ሰውን ሳይሰሙ «እንረዳለን» ማለት ደግሞ ካለመስማትም የከፋ ነው፤ አፉን በማር ለውሶ መዝጋት ነው።

«የእያንዳንዱን ሰው ሐሳብ እየሰማን» የምትለዋን መከራከሪያ እንያት። ይህን ማን ጠየቀ? አዳራሹ ውስጥ መቶ ሰው ብንሞላ ነው። ዕድል አግኝተው የተናገሩት ሰባት ናቸው። ሰባት ሰው ለመስማት ጊዜ ያጣ አስተዳደር የሚሊዮኖችን ከተማ ጥቅም አውቃለሁ ሲል በምን አወቀው? ለመሆኑ መስማት የኃላፊ ችሮታ ነው ያለውስ ማን ነው? የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 43 ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ የዜጎች ሐሳብ እንዲጠየቅ መብት ሰጥቷል። በ2011 የወጣው የመሬት ማስለቀቂያና የካሳ አዋጅ ቁጥር 1161ም ባለይዞታዎች ቦታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ ከአንድ ዓመት በፊት ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና ሂደት ውይይት እንዲደረግ ደንግጓል። እኚህ እናት ተከራይ እንጂ ባለይዞታ አይደሉም የሚለኝ ካለ፣ ሕገ መንግሥቱ ባለይዞታ አይልም። የሚለው ዜጋ ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያንገበግበኝ ግን የሕጉ መጣስ አይደለም። የምንጠቀምበት ቋንቋ ነው። የዚያን ቀን ከመድረኩ ጀርባ የተሰቀለው ባነር «የግንዛቤ ማስጨበጫ መድረክ» ይላል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ አንብቡት። ማስጨበጥ ማለት እጁ ባዶ ለሆነ ሰው አንድ ነገር ማስያዝ ነው። ግንዛቤው ያለው መድረኩ ላይ ነው፤ ባዶ እጁን የመጣው ሕዝቡ ነው። ከአዳራሹ ወደ መድረኩ የሚሄድ ነገር እንዲኖር ስያሜው ራሱ አይፈቅድም። እንጀራ ጋጋሪዋ ስለ መንደሩ የሚያውቁት፣ ኃላፊው ግን የማያውቀው ነገር ሊኖር ይችላል ብሎ ያሰበ ሰው ይህን ባነር ባላሳተመው ነበር።

«ተነሺ» የሚለውንም ተመልከቱ። «የልማት ተነሺ» ስንል ሰውዬው በገዛ ፈቃዱ ብድግ ብሎ የሄደ ይመስላል። ያስነሣው አካል ከቃሉ ውስጥ ጠፍቷል። ቤቱ የፈረሰበት ሰው ግሱ ላይ አድራጊ ሆኖ ቁጭ አለ! ከስብሰባው በኋላ ደግሞ ሪፖርት ይጻፋል፤ «ከነዋሪው ጋር ውይይት ተደርጎ መግባባት ላይ ተደርሷል» ይባላል። ማስረጃው ምንድን ነው? በር ላይ የፈረምንበት አቴንዳንስ። መምጣታችን መስማማታችን ሆኖ ተቆጠረ። እኔም ፈርሜያለሁ፤ ስሜ አሁን በአንድ ፋይል ውስጥ ተስማሚ ሆኖ ተቀምጧል። እኚያ እናትም ፈርመዋል።

ከዚህ ሁሉ ሥር ያለው በሽታ ሥነ ምግባር የሚለውን ቃል ማጥበባችን ነው። የፌዴራል የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ከተቋቋመ ወዲህ ሁለቱ ቃላት እንደ መንታ አብረው ይጠራሉ። ሙስናን መዋጋት ተገቢ ነው፣ ማንም አይከራከርም። ነገር ግን በመሥሪያ ቤቶቻችን ሥነ ምግባር ማለት አለመስረቅ ብቻ ሆኖ ቀረ። አምስት ሳንቲም ያልበላ፣ በሰዓቱ የሚገባ፣ ነገር ግን ሠላሳ አባወራ ምን እንደሚያጡ ሳይጠይቅ ፈርሞ የሚበትን ኃላፊ ምስጉን ሠራተኛ ይባላል። እኔ አይደለም እላለሁ። ውሳኔው እርሱን የማይነካው ሰው፣ የሚነካቸውን ሰዎች ሳይሰማ ሲወስን፣ የማያውቀውን ነገር እንዳወቀ ሆኖ እየፈረመ ነው። ይህ ሐሰት ነው። ሐሰተኛ ደረሰኝ የሚቆርጥ ሰው የሚጠየቅበት አገር ውስጥ ሐሰተኛ «መግባባት» የሚጽፍ ለምን አይጠየቅም?

የሌላውን ሰው ዕይታ መረዳት ደግነት ብቻ የሚመስላቸው አሉ። መረጃም ነው፤ በሌላ መንገድ የማይገኝ መረጃ። በመጋቢት 2016 የአዲስ አበባ ፒያሳ መንደሮች ሲፈርሱ አስታውሱ። ከእነርሱ አንዱ በሆነው በዶሮ ማነቂያ የኖረ ሰው ስለ ሰፈሩ ቢጠየቅ ካርታ ላይ የሌለ ነገር ይናገር ነበር፦ ልጆቹ ዓመቱን ያጋመሱት በየትኛው ትምህርት ቤት እንደሆነ፣ እድሩ ስንት አባል እንዳለው፣ አስታማሚ የሌላቸው አዛውንት በየትኛው ጎረቤት እንደሚረዱ። ዐቢይ ጾምም ረመዳንም የገቡት በዚያው ወር ነበር። ትምህርት እስኪዘጋ ሦስት ወር መታገሥ፣ አንድ ግቢ የኖሩትን በአንድ ብሎክ ማስፈር፣ ለጋጋሪዎች የጋራ ማዕድ ቤት መሥራት ከከተማው በጀት ስንት ያጎድላል? ተነሺዎች በተላኩባቸው በገላን ጉራም ሆነ በቦሌ አራብሳ የሚሰጠው ቤት በካሬ ሜትር ይለካል። እድር በካሬ ሜትር አይለካም። ይህን የሚያውቀው የሚኖርበት ብቻ ነው፤ ካልጠየቁት ደግሞ አይነግራቸውም።

የፈረሱት ቤቶች ጥሩ ነበሩ አልልም። ጭቃቸው የተሰነጠቀ፣ ቆርቆሯቸው የሚያፈስ፣ ለሃያ አባወራ አንድ ሽንት ቤት የነበራቸው ብዙ ናቸው። ውኃና ሽንት ቤት ያለው ቤት በማግኘቱ የተደሰተ ሰው አለ፣ አውቃለሁ። ታዲያ የተደሰተውስ ቢሆን መቼ ተጠየቀ? እርሱንም የምናውቀው በቴሌቪዥን ሲያመሰግን ብቻ ነው።

«መስማት ሥራ ያጓትታል» የሚሉትም ትዝታቸው አጭር ነው። የአዲስ አበባና ዙሪያዋ የኦሮሚያ ከተሞች የተቀናጀ ማስተር ፕላን ምን ሆነ? ባለሙያዎች ለዓመታት የደከሙበት ዕቅድ ነበር። መሬቱ የሚነካበትን ገበሬ አስቀድሞ አልጠየቁትም። በ2006 ተቃውሞ ተነሣ፤ መልሱ ሕዝቡ ዕቅዱን በሚገባ አልተረዳውም የሚል ሆነ። ያው ግንዛቤ ማስጨበጥ! በ2008 ተቃውሞው ብሶ ተመለሰ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ በዚያው ዓመት ጥር ላይ ዕቅዱ ተሰረዘ። ለማዳመጥ አንድ ዓመት ቢወስድ እንኳ ይህን ያህል ባላስከፈለ ነበር። የተሰረዘውን ወረቀት እንተወው፣ የሞቱት አይመለሱም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

የመድረኩ ኃላፊ በምን ጭንቀት ውስጥ እንዳለ ይገባኛል። የጊዜ ሰሌዳው ከላይ ተሰጥቶታል፤ በግምገማ የሚጠየቀው ስንት ቤት አስነሣህ ተብሎ እንጂ ስንት ሰው ሰማህ ተብሎ አይደለም። ምናልባት እርሱም ከወር ወር አከራዩን የሚፈራ ደመወዝተኛ ይሆናል። ይህን እኔ ስለ እርሱ ለማሰብ ደቂቃ አልፈጀብኝም። እርሱ ስለ እኚያ እናት ለማሰብ ለምን አቃተው? ከበላዮቹ ፊት ቀርቦ «ሕዝቡ እንዲህ ይላል» ማለት የሥራው ዋና ክፍል ነው። ይህን ካልሠራ የሚቀረው መልእክት ማድረስ ነው፤ ለዚያማ የድምፅ ማጉያ ይበቃል።

ባላገሩ ዛፍ ሥር በላ ልበልሃ እየተባባለ ሲሟገት እንኳ አንዱ ተናግሮ እስኪጨርስ ሌላው ቆሞ ይሰማው ነበር፤ ዳኛውም የሁለቱን ቃል ሳይሰማ አይፈርድም። እኛ ማይክሮፎን፣ ፕሮጀክተርና ባነር ይዘን ይህን አጣን።

ከነገ ወዲያ ቅዳሜ ሁለተኛ ስብሰባ ተጠርቷል። ባነሩ እንዲቀየር በጽሑፍ አመልክተናል፤ ቃለ ጉባኤውም ከመፈረማችን በፊት በአዳራሹ እንዲነበብልን ጠይቀናል። አቴንዳንሱ ላይ ከስማችን ጎን «ተገኝቻለሁ፣ አልተስማማሁም» ብለን ለመጻፍ የተነጋገርን አሥራ አንድ ሰዎች አለን። እኚያ እናትም ይመጣሉ። ጥያቄያቸው ያው ነው፦ ለማን ልሸጥ?