እርማት፦ የላቲን የእጅ ጽሁፍ ፎንት አማርኛውን አይቀይረውም

እህቴ የሰርግ ካርዱ ላይ ዛፕፊኖ የሚባለውን ፎንት መርጠሽ እንግሊዝኛው ሲያምር አማርኛው ለምን ተራ ሆነ ላልሽው፣ "ፎንቱን አጥፍተሽ እንደገና ጫኚው ይስተካከላል" የተባልሽው ልክ አይደለም። መቶ ጊዜ ብትጭኚውም ያው ነው፣ ምክንያቱም ፎንቱ ውስጥ የግዕዝ ፊደል ጭራሽ የለም። ዛፕፊኖ ጀርመናዊው የፊደል ዲዛይነር ሄርማን ዛፕፍ ለላቲን ፊደል የሰራው ነው፣ በ1998 እ.ኤ.አ. የወጣ። አንቺ "ሀ" ስትጽፊ ኮምፒውተሩ እዛ ውስጥ ሲያጣት ከሌላ ፎንት ይበደራል፣ ዊንዶውስ ላይ ኒያላ ወይ ኢብሪማ ሊሆን ይችላል፣ አንዳንድ ፕሮግራም ደግሞ ባዶ ሳጥን ነው የሚያሳይሽ።

ሌላው ሰው የማያየው ነገር፣ የእንግሊዝኛው ውበት ፊደላቱ እየተያያዙ ስለሚሄዱ ነው፣ የኛ ግን ለየብቻ ነው የሚቆመው፣ ስለዚህ ያንን ኩርባ አምጥተሽ ብትለጥፊበት አያምርም፣ የአማርኛው ውበት ከወፍራምና ቀጭን መስመር ነው የሚመጣው። ደግሞ 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ቅርጽ ነው፣ እንደ "ቋ" ያሉት ዲቃላዎቹ ሳይቆጠሩ፣ ሁሉም አንድ በአንድ መሳል አለበት፣ ለዛ ነው ጥሩ የአማርኛ የእጅ ጽሁፍ ፎንት እንደልብ የማይገኘው።

እኔ ብሆን የሙሽሮቹን ስም ብቻ ቁም ጽሁፍ (የድሮውን የብራና አጻጻፍ) ለሚችል ሰው በብዕር አስጽፌ ስካን አድርጌ ወደ ቬክተር (ሲያሳድጉት ወደማይደበዝዝ ምስል) እቀይረዋለሁ፣ የቀረውን ግልጽ በሆነ የአማርኛ ፎንት። ወርቃማ ህትመት ከሆነ ግን መጀመሪያ አንድ ካርድ አሳትመሽ እዪው፣ ቀጫጭኑ መስመር ሊጠፋ ይችላል።