ለጣና ጀልባ ሁለት ፕሮፔለር?

ያነበብኩት አንድ ጽሑፍ ባለ ሁለት ፕሮፔለር ሞተር (ጀልባዋን የሚገፉት ሁለት ተሽከርካሪዎች በአንድ መስመር ፊትና ኋላ የተገጠሙበት) ለትንሽ ጀልባም ያዋጣል ይላል። ለባሕር ዳር ግን የሚያዋጣ አልመሰለኝም። የጀልባ ሞተር ሠሪው ቮልቮ ፔንታ ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሸጠው ነገር ነው፤ ጥሩነቱ አያከራክርም። ሁለቱ በተቃራኒ ስለሚሽከረከሩ ጀልባዋ ወደ ጎን አትጎትትም፣ ወደ ኋላም ቀጥ ብላ ትሄዳለች። ግን ዘጌ ደርሳ ለምትመለስ ጀልባ ምን ይፈይዳል? ጣና ላይ የሚያስቸግረው እምቦጭና የተቀደደ የዓሣ መረብ ነው። የናይለን ክር ዘንጉ ላይ ከተጠመጠመ በቢላ እየቆረጡ ማውጣት ነው፤ ኦይል ሲሉን (ዘይት እንዳይወጣ፣ ውሃ እንዳይገባ የሚዘጋውን ጎማ) ከበላው ደግሞ ውሃ ካምቢዮ ውስጥ ይገባል። ድንጋይ ሲመታ የሁለት ዋጋ ትከፍላለህ። በዚያ ላይ ሐይቁ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ ሞተሩ ራሱ አቅም ያንሰዋል። እኔ ብሆን ሞተሩን እንዳይከብደው ፒቹ (በአንድ ዙር ወደ ፊት የሚሄደው ርቀት) አነስ ያለ አንድ ፕሮፔለር ከነመለዋወጫው እገዛለሁ። ከባድና ፈጣን ጀልባ ላለው ግን ሌላ ሂሳብ ነው።