«ዶንት ወሪ፣ ማዘር!»

የሮቶአችን ፍሎተር ከተበላሸ ሦስት ሳምንት ሆነው። ታንከሩ ሲሞላ ውሃውን የሚዘጋው ዕቃ ማለቴ ነው። ውሃ በፈረቃ ለሚያገኝ ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጋ የሚመጣው ማክሰኞ ለረቡዕና ዓርብ ለቅዳሜ ሌሊት ነው። ከለገዳዲ ተጣርቶ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ ውሃ ግቢያችን ገብቶ ጭቃ ይሆናል። ቆጣሪው ይሮጣል። ጠዋት ጎረቤት ባዶ ጄሪካን ይዞ በደጃችን ሲያልፍ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኛል።

ቧንቧ ሠራተኛ ጠራን። ልጁ ጨዋ ነው። መሰላል ወጣ፣ አየ፣ ወረደ፣ ቀብድ ተቀበለ። እናቴ «መቼ ትመጣለህ ልጄ?» አለችው። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፦ «ዶንት ወሪ፣ ማዘር!»

ሄደ። በቃ ሄደ።

እሑድ ደወልኩ። «ዶንት ወሪ ብሮ፣ ዕቃውን መርካቶ አዝዣለሁ።» ማክሰኞ ደወልኩ። «ዶንት ወሪ።» ሐሙስ ስልክ አላነሳም። ማታ በቴሌግራም አውራ ጣት ላከልኝ። አውራ ጣት!

ቆይ፣ አማርኛ ለዚህ ቃል አጥቶ ነው? አይዞዎት አለ። አያስቡ አለ። ጣጣ የለውም፣ እኔ አለሁ አለ። ግን እነዚህ ሰውን በቃሉ ያስይዛሉ። አይዞህ ልበል፣ አይዞሽ ልበል፣ አይዞዎት ልበል ብለህ ለመምረጥ መጀመሪያ ፊትህ የቆመውን ሰው ማየት አለብህ። «ዶንት ወሪ» ለእናቴም ለእኔም ለውሻችንም ያው ነው። «እኔ አለሁ» ብሎ የቀረ ሰው መንገድ ላይ ሲያገኝህ አንገቱን ይደፋል። «ዶንት ወሪ» ብሎ ቀርቶ ያፈረ ሰው ግን እስካሁን አላየሁም። ቀን የለውም፣ ሰዓት የለውም፣ ባለቤትም የለውም።

ደግሞ እሱ ብቻ ቢሆን ጥሩ። ደላላው «ኖ ፕሮብሌም» ይላል። ልብስ ሰፊው በሠርጉ ዋዜማ «ኖ ፕሮብሌም» ይላል። ባንክ መስኮት ላይ ሲስተም ሲጠፋ እንኳ «ዶንት ወሪ፣ ይመለሳል» ይሉሃል። እኔ እኮ ገንዘቤን ነው የፈለግኩት!

እውነቱን ካወራን እኔም አልዳንኩም። ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ ቅዳሜ ጠዋት ቤት ሲቀይር ዕቃ እንዳግዘው ጠየቀኝ። «ዶንት ወሪ» አልኩት። ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ስቀዳ አድሬ፣ ስነቃ ስምንት ሰዓት ሆኗል። አሥራ አንድ ጊዜ ደውሏል።

እናቴ የልጁን ስም አታውቀውም። «ያ ዶንት ወሪ ዛሬም አልመጣ?» ትለኛለች። እኔም ስልኬ ላይ በዚሁ ስም መዝግቤዋለሁ።

ዛሬ ዓርብ ነው። ከታንከሩ ሥር ሦስት ባልዲ ደርድሬያለሁ።